«ጉንፋን» ተብሎ የሚታለፈው ኢንፍሉዌንዛና የክትባቱ ጥያቄ በሰሜን ወሎ

ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት በሰሜን ወሎ ዞን ደጋና ወይና ደጋ ቀበሌዎች ሌሊቱና ማለዳው ይበርዳል። በሀብሩ ወረዳ ቆላማ ቀበሌዎች ደግሞ ክረምቱን ተከትሎ የሚጨምረው የወባ ስርጭት በእነዚሁ ወራት መጀመሪያ ላይ ገና አልበረደም። ከአዲስ አበባ 521 ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው ወልዲያ፣ እንዲሁም ከእርሷ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ በምትገኘው የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ፣ ትኩሳትና ሳል ይዞት ጤና ተቋም የሚደርሰው ሕመምተኛ በዚህ ወቅት ብዙ ነው።

ይህ ሕመምተኛ ሕመሙን የሚጠራበት ስም እንደየሰፈሩና እንደየልማዱ ይለያያል። አንዱ «ጉንፋን ይዞኛል» ይላል፤ ሌላው «ምች መታኝ» ብሎ ዳማከሴ ታሽቶ ከቆየ በኋላ ይመጣል፤ ከጊራና ቆላ የመጣው «ወባዬ ተነሳብኝ» ይላል። ጤና ጣቢያው በመመሪያው መሠረት የወባ ምርመራ ያደርጋል። ውጤቱ ከወባ ነፃ ከሆነ በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው አብዛኛውን ጊዜ «የላይኛው የመተንፈሻ አካል ኢንፌክሽን» ወይም «ሳንባ ምች» የሚል ይሆናል። ቫይረሱን ለይቶ የሚያሳይ የላቦራቶሪ ምርመራ በየጤና ጣቢያው የሚሰጥ ባለመሆኑ ኢንፍሉዌንዛ የሚለው ስም አይጻፍም። ስለ ወቅታዊ ኢንፍሉዌንዛ ክትባት የሚደረግ ማንኛውም ውይይት መነሳት ያለበት ከዚህ ባዶ ዓምድ ነው። በመዝገብ ያልሰፈረ በሽታ በዕቅድ አይገባም፤ በዕቅድ ያልገባ ክትባትም ወደ ዞኑ የሚጓዝበት መንገድ አይኖረውም።

ጉንፋንና ኢንፍሉዌንዛ በሕዝቡ አነጋገር አንድ ሆነው ይቆዩ እንጂ በሕክምናው ዓይን የተለያዩ ናቸው። ተራው ጉንፋን ከብዙ ዓይነት ቫይረሶች በአንዱ የሚመጣ ሲሆን አፍንጫን በማፈንና በማስነጠስ ቀስ ብሎ ይጀምራል፤ በጥቂት ቀናትም ያልፋል። ኢንፍሉዌንዛ ግን ድንገት ይጥላል። ከፍተኛ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ደረቅ ሳልና ከአልጋ የማያስነሳ ድካም በአንድ ቀን ውስጥ ይከተላሉ። ቫይረሱ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ ምልክቱ የሚታየው ከ1 እስከ 4 ባሉት ቀናት፣ ብዙውን ጊዜም በ2 ቀን ውስጥ ነው። አብዛኛው ሰው ያለ ሕክምና በሳምንት ውስጥ ይድናል፤ ሳሉ ግን 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል።

ይህ «አብዛኛው ሰው ይድናል» የሚለው እውነት ነው በሽታውን ከቁም ነገር እንዳይቆጠር ያደረገው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ በዓለም 1 ቢሊዮን ያህል ሰዎች በወቅታዊ ኢንፍሉዌንዛ ይያዛሉ፤ ከእነዚህ መካከል ከ3 እስከ 5 ሚሊዮን የሚሆኑት በጽኑ ይታመማሉ፤ ከበሽታው ጋር በተያያዘ የመተንፈሻ አካል ችግር ብቻ ከ290 ሺህ እስከ 650 ሺህ ሰዎች ሕይወታቸውን ያጣሉ። ከኢንፍሉዌንዛ ጋር በተያያዘ የሳንባ ኢንፌክሽን ከሚሞቱት ከ5 ዓመት በታች ሕፃናት መካከል 99 በመቶ የሚሆኑት በታዳጊ አገሮች የሚገኙ መሆናቸውን ድርጅቱ ይገልጻል። ስለሆነም በሽታው የባለጸጋ አገሮች ጉዳይ ነው የሚለው አመለካከት መሠረት የለውም። በእነዚያ አገሮች በስሙ ይቆጠራል፤ በእኛ ዘንድ ደግሞ በሳንባ ምች ስም ይቀበራል።

ኢትዮጵያ ኢንፍሉዌንዛን የማታውቅ አገር አይደለችም። በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የደረሰው እልቂት፣ «የኅዳር በሽታ» እየተባለ የሚነገረው፣ በዓለም ዙሪያ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎችን የፈጀው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አካል ነበር። በዋና ከተማዋ ብቻ እስከ 10 ሺህ የሚገመቱ ሰዎች እንደሞቱ በታሪክ ተመዝግቧል። በወቅቱ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኮንንም በበሽታው ተይዘው ከድነዋል። መታሰቢያው ዛሬም በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተጠረገ በሚቃጠልበት «ኅዳር ሲታጠን» በሚባለው ልማድ ይታያል። አካባቢን ማጽዳት የሚደገፍ ተግባር ቢሆንም፣ ኢንፍሉዌንዛ ከቆሻሻ ሽታ የሚነሳ በሽታ ባለመሆኑ ጭሱ ቫይረሱን አያጠፋም። አስም ያለበትን ሰውና ሕፃናትን ግን ያስላል። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየው ይህ ልማድ በሽታውን በማስታወስ ረገድ ከየትኛውም የጤና ትምህርት የተሻለ ሥራ ሠርቷል፤ የሚተላለፍበትን መንገድ በማስተማር ረገድ ግን አልረዳም። ኢንፍሉዌንዛ የሚተላለፈው ሕመምተኛው ሲያስል፣ ሲያስነጥስና ሲናገር በሚወጣ ጠብታና ትንፋሽ፣ እንዲሁም በእጅ ንክኪ ነው።

ከዚያ በኋላ በቅርብ ዓመታት ሁለት ጊዜ ስሙ ጎልቶ ተሰምቷል። በ1998 ዓ.ም. የወፍ ጉንፋን ስጋት በተነሳ ጊዜ በአገራችን የዶሮ ገበያ ቀዝቅዞ ነበር። በ2001 ዓ.ም. ሰኔ ወር ደግሞ በወቅቱ «የአሳማ ጉንፋን» የተባለው ኤች1ኤን1 ኢንፍሉዌንዛ በኢትዮጵያ መገኘቱ ተረጋገጠ። ያ በወረርሽኝነት የተፈራው ቫይረስ ከዚያ ወዲህ አልጠፋም። ዛሬ በየዓመቱ ከሚዘዋወሩት የወቅታዊ ኢንፍሉዌንዛ ዝርያዎች አንዱ ሆኖ በየዓመቱ በሚዘጋጀው ክትባት ውስጥ ይካተታል። በሌላ በኩል «ቢ ያማጋታ» የሚባለው ዝርያ ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ወዲህ በዓለም ላይ መገኘቱ አልተረጋገጠም። ለኮቪድ 19 ሲባል የተደረገው የእንቅስቃሴ ገደብ፣ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛና የእጅ መታጠብ ለዚህ አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይታመናል። በወልዲያ መናኸሪያ በር ላይ በየቦታው ተተክለው የነበሩት የእጅ መታጠቢያ በርሜሎች የኢንፍሉዌንዛም መከላከያ እንደነበሩ የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

አገሪቱ በሽታውን በላቦራቶሪ የመከታተል ሥራ የጀመረችው በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተመረጡ ጥቂት ጤና ተቋማት ነው። ሥራውን ያስጀመረው የቀድሞው የኢትዮጵያ ጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት፣ የዛሬው የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሲሆን፣ ላቦራቶሪው በዓለም ጤና ድርጅት የብሔራዊ ኢንፍሉዌንዛ ማዕከልነት እውቅና አግኝቷል። የየአገሩን ናሙና የሚያሰባስበው ዓለም አቀፍ የኢንፍሉዌንዛ ቅኝት መረብ ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ ነው። የክትባቱ ይዘት በየዓመቱ የሚወሰነው ከዚህ መረብ በሚገኝ መረጃ ነው። ናሙና ያልላከ አካባቢ በውሳኔው ውስጥ ድምፅ የለውም ማለት ነው።

ወደ ወልዲያና መርሳ ስንመለስ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ይሆናል። ወልዲያ የመንገድ መገናኛ ከተማ ናት። ከደሴ፣ ከቆቦና አላማጣ፣ ከጋሸናና ከወረታ፣ ከአፋር አቅጣጫም የሚመጣው ተጓዥ በእርሷ ያልፋል። ለገና በዓል ወደ ላሊበላ የሚሄደው ምዕመን ብዙው በብርዱ ወራት በዚሁ መስመር ይጓዛል፤ አውቶቡሱም በነፋስ ፍራቻ መስኮቱ ተዘግቶ ይሄዳል። የመስኮቱ ነገር ቀላል መስሎ ይታይ እንጂ በተዘጋ ተሽከርካሪ ውስጥ ሰዓታት የሚያስል አንድ ሕመምተኛ ለብዙዎች በቂ ነው። በመሥሪያ ቤቶቻችንም ቢሆን ሁኔታው ብዙ አይለይም። ትኩሳት ይዞት በስብሰባ ላይ የተገኘ የሥራ ኃላፊ በትጋቱ ይመሰገናል እንጂ አጠገቡ የተቀመጡትን በሽታ እንዳስያዘ አይነገረውም።

በሀብሩ በተለይ ትኩረት የሚሻው የትኩሳት ጉዳይ ነው። በወባማ አካባቢ ትኩሳት ሁሉ አስቀድሞ በወባ መጠርጠሩ ትክክል ነው፤ የወባ ምርመራ መዘለል የለበትም። ችግሩ ያለው ምርመራው ወባ አለመሆኑን ካሳየ በኋላ ባለው እርምጃ ላይ ነው። ባለሙያው ሌላ የሚመረምርበት መሣሪያ የለውም፤ ሕመምተኛው ከሩቅ ቀበሌ መጥቶ ባዶ እጁን መመለስ አይፈልግም፤ ስለዚህ አንቲባዮቲክ ይታዘዛል። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይገድልም። ኢንፍሉዌንዛ ለያዘው ሰው ያለ ምክንያት በተሰጠ ቁጥር ገንዘብ ይባክናል፣ ባክቴሪያዎችም መድኃኒቱን እየተለማመዱ ይሄዳሉ። ይሁን እንጂ ኢንፍሉዌንዛ ሳንባን ካዳከመ በኋላ በላዩ የባክቴሪያ ሳንባ ምች ሊጨመርበት ስለሚችል ባለሙያው አንቲባዮቲክን ፈጽሞ ይተው ማለት አይደለም። መለያው ምልክቱ ነው። ትንፋሹ የሚፈጥን ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ሕፃን፣ ጡት መጥባት ያቆመ ጨቅላ፣ ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም የሚቃዥ አዛውንት፣ እንዲሁም ከተሻለው በኋላ ትኩሳቱ እንደገና ያገረሸበት ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መወሰድ አለበት። ለቀረው ዕረፍት፣ ብዙ ፈሳሽና የትኩሳት ማስታገሻ በቂ ነው። ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ጉሮሮን ቢያሳርፉ የሚከፋ ነገር የለም። ማር ግን ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም፤ አስፕሪንም ኢንፍሉዌንዛ ለያዘው ልጅ አደገኛ ነው።

የወቅታዊ ኢንፍሉዌንዛ ክትባትን በሚመለከት በብዙዎች ዘንድ ሁለት የተሳሳቱ ግምቶች አሉ። አንደኛው ክትባቱ ራሱ በሽታውን ያሲዛል የሚል ነው። በመርፌ የሚሰጠው የተለመደው ክትባት የተገደለ ቫይረስ ወይም የቫይረሱን ክፍል ብቻ የያዘ በመሆኑ ኢንፍሉዌንዛ ሊያሲዝ አይችልም። የተወጋበት ክንድ መቁሰልና ቀላል ትኩሳት በአንድ ወይም በሁለት ቀን ያልፋሉ። ሁለተኛው ግምት አንድ ጊዜ የተከተበ ሰው ለዘለቄታው ይጠበቃል የሚል ሲሆን፣ ይህም ከኩፍኝና ከፖሊዮ ክትባት ልምድ የመጣ ነው። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ መልኩን ይለዋውጣል፤ ሰውነት ያበጀው መከላከያም በወራት ውስጥ እየደከመ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት ክትባቱ በየዓመቱ ይደገማል። መከላከያው ለመጎልበት 2 ሳምንት ያህል ይወስዳል። ክትባቱ ከሚዘዋወረው ዝርያ ጋር በሚጣጣምበት ዓመት በበሽታው ታምሞ ሐኪም ቤት የመሄድን ዕድል ከ40 እስከ 60 በመቶ ይቀንሳል። ይህ ከኩፍኝ ክትባት ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው። ተከትበው የታመሙትም ቢሆኑ በጽኑ የመታመም ዕድላቸው ያነሰ መሆኑ ግን ክትባቱን ዋጋ ያሰጠዋል።

በኢትዮጵያ መደበኛው የክትባት ፕሮግራም በ1972 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ዝርዝሩ ሰፍቷል። በ1999 ዓ.ም. አምስት በሽታዎችን በአንድ የሚከላከለው ክትባት፣ በ2004 ዓ.ም. የሳንባ ምች ባክቴሪያን የሚከላከለው፣ በ2006 ዓ.ም. የሮታ ቫይረስ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ለልጃገረዶች የሚሰጠው የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ተጨምረዋል። የወቅታዊ ኢንፍሉዌንዛ ክትባት ግን በዚህ መደበኛ ዝርዝር ውስጥ የለም። ውሱን የሆነው የአገሪቱና የአጋሮች ሀብት አስቀድሞ ሕፃናትን በብዛት ለሚገድሉ በሽታዎች መመደቡ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። ከዚህም በላይ አምስቱን የሚከላከለውና የሳንባ ምቹ ክትባት ኢንፍሉዌንዛን ተከትለው የሚመጡትን የባክቴሪያ ሳንባ ምቾች ስለሚቀንሱ በአንድ በኩል የኢንፍሉዌንዛ ጉዳትንም ይቀንሳሉ። በሀብሩ ቀበሌ ውስጥ የሳንባ ምች ክትባቷን ያላጠናቀቀች ሕፃን ካለች፣ ስለ ኢንፍሉዌንዛ ክትባት ከመነጋገር በፊት እርሷን ፈልጎ ማግኘት ይቀድማል።

ይህ ከተባለ በኋላ ጥያቄው አይዘጋም። የዓለም ጤና ድርጅት አገሮች ቅድሚያ እንዲሰጧቸው ከሚመክራቸው ክፍሎች መካከል የጤና ባለሙያዎች፣ ነፍሰ ጡሮች፣ አረጋውያንና ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ይገኛሉ። ለሰሜን ወሎ ከእነዚህ ውስጥ በሁለቱ መጀመር የሚያዋጣ ይመስላል። የመጀመሪያዎቹ የጤና ባለሙያዎች ናቸው። አንድ ነርስ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከጨቅላ ሕፃን እስከ ስኳር ሕመምተኛ ስንቱን እንደምትነካ ማሰብ ይበቃል፤ በጥቂት ባለሙያ በሚሠራ ጤና ጣቢያ ሁለቱ ቢታመሙ ደግሞ አገልግሎቱ ይቋረጣል። ሁለተኛዎቹ ነፍሰ ጡር እናቶች ናቸው። ክትባቱ ዕድሜው ከ6 ወር በታች ለሆነ ሕፃን የማይሰጥ በመሆኑ ጨቅላውን ለመጠበቅ ያለው አማራጭ እናቲቱን በእርግዝና ጊዜ መከተብ ነው፤ የእርሷ መከላከያ በደም ወደ ጽንሱ ይተላለፋል። ለዚህ አዲስ አደረጃጀት አያስፈልግም። የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ክትባት ለነፍሰ ጡሮች በየጤና ጣቢያው የእርግዝና ክትትል ክፍል ሲሰጥ ቆይቷል።

ሦስተኛ ሊታከሉ የሚገባቸው የሐጅ ተጓዦች ናቸው። ከሀብሩና ከመርሳ አካባቢ ወደ መካ የሚጓዙ ሙስሊሞች በሚሊዮን ከሚቆጠር ሕዝብ ጋር ቀናትን በአንድ ስፍራ ያሳልፋሉ። የሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት የማጅራት ገትር ክትባትን የግድ ሲያደርግ፣ የወቅታዊ ኢንፍሉዌንዛ ክትባትን ደግሞ ይመክራል። ከተጓዦቹ ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ መሆናቸው ሲታሰብ ምክሩ ለእነርሱ ከማንም በላይ ይሠራል። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 2 ሳምንት አስቀድሞ ካልተሰጠ ግን ጥቅሙ ይጎድላል።

የማከማቻው ጉዳይ ከሚገመተው በላይ የቀለለ ነው። ክትባቱ የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሽየስ ባለው ቅዝቃዜ ሲሆን፣ ይህም ለሌሎቹ መደበኛ ክትባቶች የተዘረጋው ሰንሰለት ነው፤ መርጋት ብቻ የለበትም። ነገር ግን ይህ ሰንሰለት በዞኑ በቅርብ ዓመታት ብርቱ ፈተና ደርሶበታል። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልዲያና አካባቢዋ የጦርነት ቀጠና በነበሩበት ጊዜ የወልዲያን ሆስፒታል ጨምሮ በዞኑ ያሉ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ጉዳት ደርሶባቸዋል። ማቀዝቀዣ የተወሰደበት ጤና ጣቢያ መጀመሪያ የሚያስመልሰው የሕፃናቱን ክትባት ነው። አዲስ ክትባት በዚያ ላይ ሲታከል በማቀዝቀዣው ውስጥ የሚይዘው ቦታ አስቀድሞ ሊለካ ይገባል።

ከሁሉ የሚከብደው ጊዜው ነው። በአውሮፓ ኢንፍሉዌንዛ በቀዝቃዛው ወቅት መጥቶ ይሄዳል፤ ስለዚህ መቼ እንደሚከተቡ ያውቃሉ። በሐሩር ክልል በሚገኙ አገሮች ግን ቫይረሱ ዓመቱን ሙሉ ሲዘዋወር ይቆይና አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ከፍ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት የክትባቱን ይዘት በዓመት ሁለት ጊዜ ይወስናል፤ ለሰሜኑ ንፍቀ ክበብ በየካቲት፣ ለደቡቡ በመስከረም። ከውሳኔው እስከ ምርቱ 6 ወር ያህል ያልፋል። በመሆኑም የሰሜኑ ክትባት በመስከረምና በጥቅምት፣ የደቡቡ በየካቲትና በመጋቢት አካባቢ ይደርሳል። የአንድ ወቅት ክትባት ለሚቀጥለው ዓመት አይተላለፍም፤ የተረፈው ይወገዳል። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን የሚዘጋ መሆኑን ከዚህ ጋር ላገናዘበ ሰው ችግሩ ይታየዋል። በመስከረም የሚገባ ክትባት በቀደመው የበጀት ዓመት ሊታቀድ ይገባል፤ ለማቀድ ደግሞ በወልዲያና በመርሳ ኢንፍሉዌንዛ የሚበረታው በየትኛው ወር እንደሆነ መታወቅ አለበት።

ክትባት መግዛት የወረዳ ሥልጣን አይደለም፤ ግዥና ስርጭቱ በማዕከል የሚመራ ነው። ቁጥሩን ማቅረብ ግን በወረዳና በዞን እጅ ነው። ለዚህም ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በወልዲያ ሆስፒታልና በመርሳ በየሳምንቱ ትኩሳትና ሳል ይዟቸው ከመጡት፣ ወባም ካልተገኘባቸው መካከል የተወሰኑትን ለይቶ በዕድሜ መመዝገብ፤ በጽኑ ታምመው የተኙትን ለብቻ መቁጠር፤ ከእነርሱም በጥጥ ዘንግ ከአፍንጫና ከጉሮሮ ናሙና ወስዶ በቅዝቃዜ መላክ ይቻላል። ከወልዲያ 120 ኪሎ ሜትር ላይ በምትገኘው ደሴ የአማራ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቅርንጫፍ ይገኛል፤ ከዚያም ናሙናው ወደ አዲስ አበባው ብሔራዊ ላቦራቶሪ ሊደርስ ይችላል። በኮቪድ 19 ጊዜ ናሙና የመውሰድና የማጓጓዝ ሥልጠና ያገኙ ባለሙያዎች አሉ፤ በመጋቢት 2013 ዓ.ም. በተጀመረው የኮቪድ ክትባትም የጤና ባለሙያዎችንና አረጋውያንን በቅድሚያ የመከተብ አሠራር ተሞክሯል። የ12 ወራት ቆጠራ በእጁ ያለው የዞን ጤና መምሪያ ለነፍሰ ጡሮቹና ለጤና ባለሙያዎቹ ስንት ክትባት፣ በየትኛው ወር እንደሚያስፈልግ ለክልሉ ጤና ቢሮ በቁጥር ማቅረብ ይችላል። በመጪው ዓመት ዕቅድ እንዲገባ ከተፈለገ ጥያቄው የወረዳዎች በጀት ከመጽደቁ በፊት፣ ማለትም ከሰኔ አስቀድሞ ጠረጴዛ ላይ መገኘት ይኖርበታል።